ምስጋናችሁ ለምን አይሰማም? ለድሬዳዋ የሥራ ኃላፊዎች ዝርዝር የንግግር መመሪያ

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ። ኃላፊው ይነሳሉ። «ለሁላችሁም ትጋት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አይዞን፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል» ይላሉ። ይጨበጨብላቸዋል። ሰው በር ላይ ሳይደርስ የተባለውን ረስቶታል። ማክሰኞ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው፦ «ደሞዝ ሊዘገይ ነው መሰለኝ፤ ሰውዬው ዝም ብሎ አላመሰገነንም።»

ድሬ ውስጥ በቢሮም፣ በፋብሪካም፣ በትምህርት ቤትም፣ በዕድርም ይኸው ይደጋገማል። ብዙዎቹ ኃላፊዎች ሲያመሰግኑ ከልባቸው ነው። ተስፋቸውም የውሸት አይደለም። ንግግሩ የሚከሽፈው ምስጋናው ባለቤት፣ ተስፋው ደግሞ ቀን ስለሌለው ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱን ማስተካከያ ነው። አምስት ሰው ለምትመሩም፣ ሁለት መቶ ሰው ለምትመሩም ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ትንሽ ደብተር። ስልክ ላይ አትጻፉ። ሰው ፊት ስልክ ስትነኩ ቴሌግራም የምታዩ ነው የሚመስለው።
- ከስብሰባው በፊት ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን።
- የሁሉም ሠራተኛ ስም ዝርዝር፣ ጥበቃና ጽዳት ጭምር።
- ሒሳብ ክፍልን ወይም የበላይ ኃላፊን «ይህን ለሠራተኛ መናገር እችላለሁ?» ብላችሁ የምትጠይቁበት ጊዜ።

ደረጃ 1፦ ሰዓትና ቦታ ምረጡ

ጠዋት አድርጉት። 2 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። ከምሳ በኋላ አትሞክሩ። በዚያ ሰዓት ሙቀቱ ይበረታል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ይደክመዋል። ያኔ የተነገረ ምስጋና ባክኖ ይቀራል።

ሰዎቹን ጥላ ስር ሰብስቡ። እናንተ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ እነሱን ፀሐይ ላይ ካቆማችሁ ምንም ብትናገሩ አይሰሙም። ጠቅላላው ንግግር ከሰባት ደቂቃ አይለፍ።

ሥራው በፈረቃ ከሆነ ሁለት ጊዜ ተናገሩ። የሌሊት ፈረቃ ምስጋናን በሰው አፍ መስማት የለበትም።

ደረጃ 2፦ የምስጋና ደብተር ሙሉ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይረዝማል። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ።

በደብተሩ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦

1. ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ?
2. ምን አስከፈለው? (እንቅልፍ፣ የቤት ሰዓት፣ የትራንስፖርት ብር፣ ድካም)
3. ያ ባይደረግ ምን ይፈጠር ነበር?

ሦስቱም ዓምዶች ካልሞሉ ያንን ሰው ለጊዜው በስብሰባ ላይ አታመስግኑ። መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ። በተለይ ሁለተኛውን ዓምድ ቢሮ ተቀምጦ መሙላት አይቻልም። አንዲት ሠራተኛ ከመልካ ጀብዱ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ካላወቃችሁ፣ በሰዓቷ መገኘቷ ተራ ነገር ይመስላችኋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከደቻቱ ወንዝ ብዙ የማይርቅ የዕቃ መጋዘን አለ እንበል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከከተማው በላይ ባለው ደጋ፣ በደንገጎ በኩል ከዘነበ ደረቁ ወንዝ በድንገት ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ስለወሰደ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ የውሃ ድምፅ ሰምቶ ተኝቶ የሚያድር የለም። ሐሙስ ሌሊት የመጋዘኑ ጥበቃ የውሃው ድምፅ መቀየሩን ሰሙና ለስቶር ኪፐሯ ደወሉላት። እሷም ልጇን እናቷ ጋ ትታ በባጃጅ መጣች። ከሁለት ጫኝና አውራጆች ጋር ከታች የነበረውን የሩዝ ጆንያ ፓሌት ላይ አወጡት። ሲነጋ ውሃው ደጃፉ ድረስ ደርሶ ተመልሶ ነበር።

ደብተሩ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

- *ማን፣ መቼ፣ ምን፦* የሌሊት ጥበቃው፣ ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ የውሃውን ድምፅ ሰምተው ደወሉ። ስቶር ኪፐሯና ሁለቱ አውራጆች ጆንያውን ወደ ላይ አወጡ።
- *ምን አስከፈላቸው፦* እሷ ልጇን ትታ መጣች፤ የባጃጁንም ከኪሷ ከፈለች። አውራጆቹ ሳይተኙ ጠዋት ሥራ ገቡ።
- *ባይደረግ ኖሮ፦* የታችኛው ረድፍ ሩዝ ይበላሽ ነበር።

«የባጃጁን ከኪሷ» የሚለውን ስታገኙ ከስብሰባው በፊት ብሩን መልሱላት። ያልተመለሰ ብር እያለ በአደባባይ ማመስገን ያስቆጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዘወትር የሚታየውን ሰው ብቻ አትጻፉ። ስብሰባ ላይ ጥሩ የሚናገር፣ ከእናንተ ጋር ሻይ የሚጠጣ ሰው ቶሎ ትዝ ይላችኋል። ዝርዝሩን አውጡና ባለፉት ሦስት ወራት ስማቸው አንዴም ያልተነሳውን ምልክት አድርጉባቸው። መጀመሪያ ወደ እነሱ ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ከሰዎቹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

በሰው ፊት መመስገን ሁሉም አይወድም። በስብሰባው ዋዜማ ለየብቻ አግኟቸው። «ነገ ያደረጋችሁትን ሰው ፊት ልናገር አስቤያለሁ፤ ይስማማችኋል?» በሏቸው። ካልተስማሙ ለብቻቸው አመስግኑና ተዉት። አትለማመጡ።

ወንድ ኃላፊ ከሆናችሁና የምታመሰግኗት ወጣት ሴት ከሆነች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለብቻዋ ነጥላችሁ ደጋግማችሁ ካሞገሳችኋት ወሬው ለእሷ ይተርፋል። አብረዋት ከሠሩት ጋር አንድ ላይ አንሷት፤ ስለ ሥራው ተናገሩ፤ ስለ ጠባይዋ ዝም በሉ።

የስም አጠራርም ተለማመዱ። የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የጉራጌ ስም በአንድ ክፍል ውስጥ ባለበት ከተማ፣ የሰው ስም አጣሞ መጥራት ምስጋናውን ያበላሻል። ካልቻላችሁ ራሱን ጠይቁት። በዕድሜ የገፉትን እንደ ልማዳቸው ጥሩ፤ ጋሼ፣ ኦቦ፣ አዴ፣ እትዬ። በቋንቋቸው «ገለቶማ» (በኦሮምኛ) ወይም «መሃድሰኒድ» (በሶማሊኛ) ብላችሁ ብታመሰግኑ ደስ ይላቸዋል። አንድ ቃል ይበቃል። ቋንቋውን ሳትችሉ ረጅም ንግግር አትሞክሩ። ቡድኑ ውስጥ አማርኛ በደንብ የማይሰማ ካለ፣ የሚያስተረጉም ባልደረባ ከዋዜማው አዘጋጁ።

ደረጃ 4፦ ተስፋውን በሦስት ሳጥን ክፈሉ

ሌላ ገጽ አውጡ። ሦስት ሳጥን ሥሩ፦ *የማውቀው*፣ *የማላውቀው*፣ *በእጃችን ያለው*።

መጋዘናችን ላይ እንሞክረው። ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴነር ዘግይቷል። ያለፈው ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያም አልገባም።

- *የማውቀው፦* ኮንቴነሩ ገና ጅቡቲ ወደብ ነው። የክፍያው ጥያቄ ሒሳብ ክፍል ደርሷል።
- *የማላውቀው፦* ኮንቴነሩ መቼ እንደሚለቀቅ። ክፍያው በየትኛው ቀን እንደሚገባ።
- *በእጃችን ያለው፦* የማራገፊያ ቦታ ማዘጋጀት፣ ቆጠራ መጨረስ፣ አርብ ከሒሳብ ክፍል መልስ ይዞ መምጣት።

ተስፋችሁን ከሦስተኛው ሳጥን ብቻ አውጡ። ከሁለተኛው ሳጥን ያወጣችሁት ተስፋ ተስፋ አይባልም፤ ግምት ነው። ግምቱ ሲከሽፍ ቀጣዩን ንግግራችሁን የሚያምን አይኖርም።

ጋብሪኤሌ ኦቲንገን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። መልካሙን ውጤት ማለም ብቻውን ሰውን ያዘናጋል። ከፊት ያለውን እንቅፋት ጎን ለጎን ማየት ግን ለሥራ ያነሳሳል። ስለዚህ እንቅፋቱን አትደብቁ። ከተስፋው አጠገብ አስቀምጡት።

ቃላቶቻችሁንም ፈትሹ። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማን ተስፋ በሚቆርጥና በማይቆርጥ ሰው መካከል ያዩት ልዩነት፣ መጥፎ ነገር ሲመጣ የሚያብራሩበት መንገድ ነው። ተስፋ የቆረጠው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው»፣ «ሁሉም ነገር ተበላሽቷል» ይላል። ሌላው ነገሩን በጊዜና በቦታ ይወስነዋል። እናንተም «ሎጂስቲክሱ ሁልጊዜ ያቃጥለናል» የሚለውን ሰርዙና «ይህ ኮንቴነር ዘግይቷል» ብላችሁ ጻፉ።

ስለ «ኢንሻአላህ» እና «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፦ በሉ፤ ሰው ከልቡ የሚለው ነገር ነው። ነገር ግን መጀመሪያ የእናንተን ድርሻና ቀኑን ተናገሩ። ሥራውን ሳትጠሩ ፈጣሪን ብቻ ከጠራችሁ፣ ሰሚው «እሱ ምንም ሊያደርግ አይደለም» ብሎ ይረዳዋል።

ደረጃ 5፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አታገላብጡት፦

1. መጥፎው ዜና (ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ)
2. ምስጋናው (ሁለት ደቂቃ)
3. በእጃችን ያለው ሥራና ቀኑ (አንድ ደቂቃ)
4. ጥያቄ (የቀረው ጊዜ)

በምስጋና ከጀመራችሁ ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለምስጋናው ሳይሆን ከኋላው ለሚመጣው «ግን» ነው። «እናመሰግናለን፣ ግን…» ስንባል ኖረናል። መጥፎው ቀድሞ ሲነገር ከምስጋናው ጀርባ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ሙሉው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«እንደምን አደራችሁ። በመጥፎው ልጀምር። ኮንቴነሩ ዛሬ አይገባም። ጅቡቲ ወደብ ነው ያለው፤ መቼ እንደሚለቀቅ አላውቅም። ያለፈው ወር ትርፍ ሰዓትም አልተከፈለም። ጥያቄው ሒሳብ ክፍል ነው። አርብ 2 ሰዓት ላይ እዚሁ ቆሜ መልሱን እነግራችኋለሁ። መልስ ባይኖርም መጥቼ የለም እላችኋለሁ።

ሐሙስ ሌሊት ጋሽ እገሌ የደቻቱ ድምፅ ሲቀየርባቸው ስልክ አነሱ። እህታችን እገሊት ልጇን እናቷ ጋ ትታ በ8 ሰዓት ሌሊት መጣች። ከእገሌና ከእገሌ ጋር የታችኛውን ረድፍ በሙሉ ወደ ላይ አወጡት። ጠዋት ውሃው የት እንደደረሰ ሁላችሁም አይታችኋል። አንድ ጆንያ አልረጠበም። ያ ሩዝ ቢበላሽ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ኪሳራ ነበር። ጋሽ እገሌ፣ ገለቶማ። ሦስታችሁም ይመቻችሁ አቦ።

አሁን በእጃችን ያለው አንድ ሥራ ነው። የኋለኛውን ረድፍ ቆጠራ እስከ ረቡዕ እንጨርስ። ኮንቴነሩ የገባ ዕለት ቦታ ፍለጋ አንቆምም። ባለፈው ግማሽ ቀን የበላብን እሱ ነው። እንደምንጨርሰው አውቃለሁ፤ ሚያዝያ ላይ ከዚህ የሚበልጠውን በሁለት ቀን ጨርሰናል።

ጥያቄ ካለ ልስማ።»

ልብ በሉ፣ «ጎበዞች ናችሁ» የሚል ቃል የለበትም። «ሚያዝያ ላይ በሁለት ቀን ጨርሰናል» የሚለው ያንኑ ይናገራል፤ ማንም ሊክደው አይችልም። የእናንተ ቡድን ከዚህ በፊት የሠራውን አንድ እውነተኛ ነገር ፈልጉ። ካላገኛችሁ የቡድኑን አቅም አታሞግሱ፤ ሥራውንና ቀኑን ብቻ ተናገሩ።

ዋዜማውን ቤታችሁ ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በስልክ ቀድታችሁ ስሙት። የዜና አንባቢ ድምፅ ከመሰለ «ምስጋናዬ የላቀ ነው»፣ «ከመቼውም ጊዜ በላይ» የሚሉትን እያወጣችሁ ጣሉ።

ደረጃ 6፦ ስትናገሩ የማታደርጉት

- «ግን»፣ «ሆኖም»፣ «ይሁን እንጂ» ከምስጋናው በኋላ አይምጡ። ተግሣጽ ካላችሁ ሌላ ቀን፣ ለብቻ።
- «ሌሎቻችሁም እንደ እሷ ብትሆኑ» አትበሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተመስጋኟን ከባልደረቦቿ ታጣላለች።
- ትርፍ ሰዓት ልትጠይቁ ባሰባችሁበት ቀን አታመስግኑ። ቢያንስ ሁለት ቀን ይለፍ።
- ስሙን ስትጠሩ ሰውየውን እዩ። ደብተሩን አይደለም።
- ጭብጨባ አትጠይቁ። ከመጣ ይምጣ።

ማመስገን የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ይህን እወቁ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የምስጋና ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ከሚሰማው በላይ ያፍራል ብለው ገመቱ፤ ደስታውን ደግሞ አሳንሰው ገመቱ። የምትፈሩት ሀፍረት በአብዛኛው በእናንተ በኩል ያለ ነው።

ርዝመትም አያስጨንቃችሁ። አዳም ግራንትና ፍራንቼስካ ጂኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ለዩኒቨርሲቲ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ስልክ ደዋዮች ጋ የክፍሉ ኃላፊ ሄደው በአጭሩ አመሰገኗቸው። በቀጣዩ ሳምንት የተመሰገኑት የደወሉት ስልክ ከ50 በመቶ በላይ ጨመረ። ሽልማት አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት ሰዎቹ ዋጋ እንዳላቸው መሰማታቸው ነው።

ደረጃ 7፦ ከስብሰባው በኋላ

የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ድርጅት ከሆነ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ። ማኅተም ይኑረው። ግልባጩ ከግል ማህደር ጋር ይያያዝ። የዕድገት ውድድር ሲመጣ በቃል የተባለውን ማንም አይቆጥረውም። ደብዳቤው ላይ ከደብተሩ አንደኛና ሦስተኛ ዓምድ ገልብጡ። ሁለተኛውን ዓምድ ሰውየው ካልፈቀደ አትጻፉት፤ የቤት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

በቴሌግራም ግሩፕ የምትለጥፉ ከሆነ ሁለት መስመር ይብቃችሁ። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት አስፈቅዱ።

አርብ ያላችሁትን አርብ አድርጉ። 2 ሰዓት ካላችሁ 2 ሰዓት።

ነገሩ ሲበላሽ

*ማንም ሳይናገር ዝም ካለ።* አትደናገጡ፤ ዝምታውን በቀልድ አትሙሉት። «ጥያቄ ያለው እስከ ምሳ ድረስ ቢሮዬ ይምጣ» ብላችሁ ጨርሱ። በር ክፈቱና ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጠያቂ የሚመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

*«በምስጋና ጤፍ አይገዛም» የሚል ከተነሳ።* ትክክል ነው። አትከራከሩት፣ አትቆጡትም። «እውነትህን ነው። ምስጋናው የክፍያው ምትክ አይደለም። ስለ ክፍያው የማውቀው ይኸ ነው» በሉና ከመጀመሪያው ሳጥን ያለውን ድገሙት። ያንን ሰው ከሰዓት በኋላ ጠርታችሁ አትገሥጹት። ከገሠጻችሁት ከዚያ ወዲያ እውነቱን የሚነግራችሁ አይኖርም።

*አንድ ሰው ከረሳችሁ።* ያንኑ ቀን ፈልጉት። መጀመሪያ ለብቻው፣ ከዚያ በቀጣዩ ስብሰባ ሰው ፊት። «ሰኞ ያልጠቀስኩት ሰው አለ» ብላችሁ ጀምሩ። ምክንያት አትደርድሩ።

*ያመሰገናችሁት ሰው መጠቋቆሚያ ከሆነ።* «የአለቃ ሰው» መባል ከጀመረ ለጊዜው በአደባባይ አታንሱት። የሚቀጥሉትን ሁለት ስብሰባዎች ከሌላ ክፍል ሰዎች ምረጡ። ምስጋናው እንደሚዞር ሲታይ ወሬው ይበርዳል።

*ራሳችሁ ተስፋ ከቆረጣችሁ።* አታስመስሉ፤ ሠራተኛ ከፊታችሁ ያነበዋል። ሦስተኛውን ሳጥን ወደ አንድ ቀን አጥቡት። «ይህን ወር አላውቅም። ዛሬ የምንጨርሰው ይኸ ነው» ማለት ይበቃል። በዚያ ሳምንት ንግግሩን ማሳጠር ትችላላችሁ፤ ምስጋናውን ግን አትተዉት፤ ምክንያቱም ምስጋናው ስላለፈው ነው፣ ያለፈው ደግሞ አልተለወጠም።

*ቀኑ ደርሶ መልስ ከሌለ።* ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ ኃላፊ በዚያ ቀን ይጠፋል፤ ስልክ ያጠፋል፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ያስብላል። አትጥፉ። ባላችሁት ሰዓት ቁሙና እንዲህ በሉ፦ «አርብ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ነበር። መልስ የለኝም። ትናንት ሒሳብ ክፍል ሄጄ የተባልኩት ይኸ ነው። ማክሰኞ በ2 ሰዓት ድጋሚ እነግራችኋለሁ።» ይቅርታ አንዴ ጠይቁ፤ አትደጋግሙት። ማክሰኞም መልስ ከሌለ ሦስተኛ ቀን ራሳችሁ አትቅጠሩ። የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ ይዛችሁ ግቡና ቀኑን እሱ ይናገር።